ተራራና ተራራም ይገናኛል

«ተራራና ተራራ አይገናኝም፤ ሰውና ሰው ግን ይገናኛል» የሚለውን ምሳሌ ከአባቶቻችን ተቀብለን ስንለያይም ስንታረቅም እንናገረዋለን። ምሳሌው ስለ ሰው የሚለው እውነት ነው። ስለ ተራራ የሚለው ግን እውነት የሚመስለው የሰው ዕድሜ አጭር ስለ ሆነ ብቻ ነው። የምድርን ዕድሜ መለኪያ አድርገን ብንቆጥር ተራራና ተራራ ይገናኛል፤ አገርና አገር ይጋጫል፤ የተጋጠመውም ተመልሶ ይለያያል። በዚህ መጽሔት ላይ ብዕራችንን ያነሣነው ይህን ለማስተማር አይደለም፤ ለማስተማርማ በሳይንስ ፋኩልቲ ያሉት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይቀድሙናል። የተነሣንበት ምክንያት ሌላ ነው። የአገራችን መሬት እንዴት እንደ ተሠራና ዛሬም እንዴት በመሠራት ላይ እንዳለ ማወቅ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪም ግዴታ ነው ብለን እናምናለን፤ ይህንንም እምነታችንን ለክርክር እናቀርባለን።

ስለ ተራራ እስከ ዛሬ ምን ተማርን? በትምህርት ቤት የተራሮችን ስምና ከፍታ በተርታ ሸመደድን። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ፣ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር እያልን ለፈተና ቆጠርን፤ ፈተናው ሲያልፍ ቁጥሩም አብሮ አለፈ። ተራሮቹ እንዴት እንደ ቆሙ የጠየቀን አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ገብተን ታሪክ ስናጠናም ነገሩ ያው ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ አገሩ አቀማመጥ ጥቂት ገጽ ይሰጥና ደጋው የተፈጥሮ ምሽግ እንደ ሆነ ተናግሮ ያልፋል። ከዚያ ወዲያ ነገሥታቱ ይመጣሉ፤ ይዋጋሉ፤ ይሾማሉ፤ ይሻራሉ። መሬቱ ግን እንደ ቴአትር መድረክ ጸጥ ብሎ ይረገጣል። እኛ የምንቃወመው ይህን አስተሳሰብ ነው። መድረኩ ራሱ ይንቀሳቀሳልና።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። የምንቆምበት የምድር ቅርፊት አንድ ወጥ አይደለም። ሊቃውንቱ ፕሌት በሚሏቸው ታላላቅ ሰሌዳዎች የተከፋፈለ ነው፤ እነዚህም በዓመት በሚሊሜትርና በሴንቲሜትር የሚቆጠር ጉዞ ይጓዛሉ። ከውቅያኖስ በታች ያለው ቅርፊት ከባድና ስስ ነው፤ ውፍረቱ 7 ኪሎሜትር ያህል ነው። የአህጉር ቅርፊት ግን ቀለል ካለ ዐለት የተሠራና ወፍራም ሲሆን፣ በአማካይ ከ35 እስከ 40 ኪሎሜትር ይደርሳል። ይህ ቅርፊት ከበታቹ ባለው፣ ማንትል በሚባለው ከባድ የምድር ክፍል ላይ ግንድ በውኃ ላይ እንደሚንሳፈፍ ተንሳፍፎ ይኖራል። ወፍራም ግንድ ከውኃው በላይ ከፍ ብሎ እንደሚታይና ከውኃው በታችም ጠልቆ እንደሚገባ፣ ታላቅ ተራራም ወደ ታች የወረደ ታላቅ ሥር አለው።

ከ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ህንድን የተሸከመው ሰሌዳ ከእስያ ጋር ተጋጨ። ሁለቱም ቀላል የአህጉር ቅርፊት ስለ ነበሩ አንዱ ከሌላው ሥር ሰጥሞ መቅረት አልቻለም፤ ተጨመታተሩ፤ ተደራረቡ፤ ሂማላያም ተነሣ። ከ8,800 ሜትር በላይ የሆነው የኤቨረስት ጫፍ በባሕር ወለል ላይ የተጋገረ የኖራ ድንጋይ ነው። በቲቤት በኩል የቅርፊቱ ውፍረት 70 ኪሎሜትር ያህል ደርሷል። እንግዲህ ተራራና ተራራ ተገናኘ ማለት ይህ ነው።

በደቡብ አሜሪካ ያለው የአንዲስ ተራራ አሠራር ግን ሌላ ነው። በዚያ የውቅያኖሱ ከባድ ሰሌዳ ከአህጉሩ ሥር እየሰጠመ ይገባል። ሲሰጥም ይዞት የወረደውን ውኃ ይለቃል፤ ውኃውም ከላይ ያለውን ትኩስ ዐለት በቀላሉ እንዲቀልጥ ያደርገዋል። ቅልጡ ዐለት፣ ማግማ የምንለው፣ ወደ ላይ ሲወጣ በየመንገዱ እየበረደ ከባዱን ከታች ይተዋል፤ ቀለል ያለውን ይዞ ይወጣል። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ቀላሉ በእንፋሎት ይወጣል፤ አተላው ከታች ይቀራል። የአህጉር ቅርፊት በብዙ ሚሊዮን ዓመታት የተጠራቀመው በአብዛኛው እንዲህ ባለ ማጣራት ነው። ስለዚህ ሁለቱን ሥራዎች ለይቶ ማሰብ አይቻልም፤ የሰሌዳዎች መገፋፋት ቅርፊቱን ያጥፈዋል፣ ያወፍረዋል፤ ቅልጡ ዐለትም ይጨምርበታል።

ኢትዮጵያስ? ኢትዮጵያ በዚህ ትምህርት ረገድ ሁሉን ያየች አገር ናት። መጀመሪያ መጋጨትን አየች። ከ850 እስከ 550 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ዘመን በእሳተ ገሞራ የተሠሩ ደሴቶች ተራ በተራ እየተጋጩ ተጣበቁ፤ በመጨረሻም የጥንቱ አህጉር ሁለት ታላላቅ ክፍሎች ተገናኙ፤ ከአረብ አገር እስከ ሞዛምቢክ የሚደርስ የተራራ ሰንሰለትም ተነሣ። ያ ተራራ ዛሬ የለም። ዝናብና ነፋስ ጠረጉት። የቀረው ሥሩ ነው፤ እርሱም በትግራይ፣ በወለጋና በአዶላ ብቅ ብሎ ይታያል። የአዶላና የወለጋ ወርቅ የሚገኘው በዚህ በጥንቱ ዐለት ውስጥ ነው። በተጠረገው ተራራ ላይ ደግሞ አሸዋ ተነጠፈ፤ ባሕርም መጥቶ የኖራ ድንጋይ ጣለበትና ሄደ። በመቀሌ ዙሪያና በአባይ ሸለቆ ግድግዳ ላይ ይህ የባሕር ድንጋይ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደርድሮ ይነበባል።

ከዚያ እሳቱ መጣ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ የተነሣ ታላቅ ትኩሳት ከአገራችን ሥር ደረሰ፤ ምድሪቱም ተሰነጣጥቃ ባዛልት የምንለውን ጥቁር ድንጋይ እንደ ጎርፍ አፈሰሰች። አብዛኛው የፈሰሰው በአንድ ሚሊዮን ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ነው፤ ይህም በምድር ዕድሜ ሲታይ እንደ አንድ ክረምት ይቆጠራል። ድርብርቡ በአንዳንድ ስፍራ 2 ኪሎሜትር ውፍረት አለው። በላዩም ሰፋፊ የእሳተ ገሞራ ተራሮች ተከመሩ። ስሜን ከዚያው ዘመን ነው፤ ጮቄ 22 ሚሊዮን ዓመት ያህል፣ ጉና ደግሞ ከ10 እስከ 11 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላቸው። ከቅልጡ ዐለት ሁሉ ወደ ላይ ለመውጣት የቻለው ከፊሉ ብቻ ነው። ሌላው ከቅርፊቱ ሥር ቀርቶ እዚያው ረጋ፤ ደጋውንም ከታች አወፈረው። በ1995 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ሊቃውንት በመሬት ውስጥ በተላከ ንዝረት የስምጥ ሸለቆውን ሥር ሲለኩ፣ ከምዕራቡ ደጋ በታች ይህን ከባድ ተጨማሪ ድርብ አግኝተዋል። እንግዲህ ደጋችን ከላይም ከታችም በእሳት የተሠራ ነው።

በመጨረሻም መለያየት መጣ። ምድሪቱ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ተሳበች፤ መካከሏ ሰመጠ፤ ስምጥ ሸለቆ ሆነ። ከደጋው በታች 40 ኪሎሜትርና ከዚያም በላይ የሆነው ቅርፊት በሰሜን አፋር ከ20 ኪሎሜትር በታች ሳስቷል። ዝናቡም ሥራውን አላቆመም። አባይ ይዞት የሚዞረው ግንድ ብቻ አይደለም፤ የባዛልቱን ድንጋይ አፈር አድርጎ ወደ ሱዳንና ወደ ግብጽ ወሰደው። ሸክሙ የተነሣለት መሬት ደግሞ ጭነቱ እንደ ወረደለት ጀልባ ትንሽ ከፍ ይላል።

ይህ ሁሉ ለአርትስ ተማሪ ምን ይረባዋል? ስለ ሥነ ጥበባችን እንነጋገር ካልን ከድንጋይ መጀመር አለብን። የአክሱም ሐውልቶች የተፈለፈሉት ቀልጦ ወጥቶ ከምድር በታች ከረጋ ጠንካራ ድንጋይ ነው። የትግራይ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አብዛኞቹ ተራራው በተጠረገበት ዘመን በተነጠፈው አሸዋ ድንጋይ ውስጥ ናቸው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ የታነጹት ከእሳተ ገሞራ በወጣ ቀላ ያለ ዐለት ውስጥ ነው። ጠራቢው በእጁ የሚያውቀውን እኛ በመጽሐፍ እንኳ ሳናውቀው ስለ ጥበቡ ድርሰት እንጽፋለን።

ስለ ጦርነትም ከሆነ አድዋን እናንሣ። በአድዋ ዙሪያ ድንገት ብቅ ብቅ የሚሉት ሾጣጣ ተራሮች ጥንት ቅልጥ ዐለት ወደ ላይ ሲወጣ በጉሮሮው ላይ የረጋባቸውና ዙሪያቸው ተጠርጎ ብቻቸውን የቀሩ ናቸው። በ1888 ዓ.ም. የካቲት 23 ቀን ሊነጋጋ ሲል የጄኔራል ባራቲየሪ ጦር በእነዚህ ተራሮች መካከል ገባ። በያዘው ንድፍ ካርታ ላይ የኪዳነ ምሕረት ኮረብታ በስሕተት ተመልክቶ ስለ ነበር የአልቤርቶኔ ክፍል ከሌሎቹ ተነጥሎ እጅግ ርቆ ሄደ። ድሉን ያገኘው የአባቶቻችን ጀግንነት ነው፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ተራራን አለማወቅ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ጠላት በዚያች ማለዳ ተማረ። እኛስ የራሳችንን ተራራ ሳናውቅ ስንቀር ማን ይከፍላል?

«የሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ነገር ለሰባ ዓመት ሰው ምኑ ነው?» የሚሉን ጓደኞች አሉ። መልሱ ቀላል ነው፤ የምድር ሥራ ቀስ ያለ ነው የሚባለው በአማካይ ሲቆጠር ነው። ዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ በዓመት የሚሰፋው 5 ወይም 6 ሚሊሜትር ያህል ነው። ከአድዋ ድል እስከ 2018 ዓ.ም. ባሉት 130 ዓመታት የሰፋው ቢደመር ክንድ ተኩል ያህል ቢሆን ነው። ይህን የሰማ ሰው ተዝናንቶ ይተኛል። ምድር ግን ደመወዟን በየወሩ እንደሚቀበል ሠራተኛ በየዓመቱ 5 ሚሊሜትር እየቆጠረች አትከፈትም። ለብዙ ዘመን ትወጠራለች፤ አንድ ቀን ትለቃለች። በ1998 ዓ.ም. መስከረም በአፋር፣ በዳባሁ አካባቢ፣ 60 ኪሎሜትር ርዝመት ባለው መሥመር ላይ ቅልጥ ዐለት ከመሬት በታች ገብቶ ምድሪቱን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ድረስ ከፈታት። የብዙ መቶ ዓመት ሥራ በአንድ ወር ተሠራ ማለት ነው። የአገር መሬት የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ብዙ ዝምታ፣ ጥቂት ድንገት።

ድንገቱም አዲስ አይደለም፤ ዓመቶቹን በአገራችን አቆጣጠር እንቁጠር። በ1898 ዓ.ም. በላንጋኖ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን አናወጠ። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ በኩል በደረሰው መንቀጥቀጥ የማጀቴ ከተማ ፈረሰች። በ1961 ዓ.ም. በአፋር የሰርዶ ከተማ ፈረሰች፤ ሰውም ሞተ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በፈንታሌና በዶፈን መካከል ቅልጥ ዐለት ከመሬት በታች ሲገፋ ምድር ለወራት ተንቀጠቀጠች፤ መንገድና ቤት ተሰነጠቀ፤ በየካቲት ወር የደረሰው መንቀጥቀጥ በመለኪያው 6 ያህል ነበር። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሥተው ሄዱ። በ2018 ዓ.ም. ኅዳር 14 ቀን በዚያው በአፋር ኃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ፤ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ህንድ ደረሰ። በአቅራቢያው ያለው አርብቶ አደር ግን ስለ ህንድ ሰማይ ሳይሆን አመድ ስለ ሸፈነበት ግጦሽ ነበር የሚያስበው።

ፈንታሌ ከአዲስ አበባ በቀጥታ መሥመር 130 ኪሎሜትር ያህል ብቻ ይርቃል። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር በከተማችን ፎቅ ቤቶች የሚኖሩ ብዙዎች በሌሊት ከአልጋቸው ተነሥተው ወደ ደጅ ወጡ። በዚያ ሰሞን የበረታው መንቀጥቀጡ ብቻ አልነበረም፤ ወሬውም በረታ። አንዱ ከተማይቱ በሳምንት ውስጥ ልትሰነጠቅ ነው አለ፤ ሌላው ምንም የለም፣ የውጭ ሰዎች ወሬ ነው አለ። አንዱ ከሚገባው በላይ ፈራ፤ አንዱ ከሚገባው በታች ተጠነቀቀ። ሁለቱም ስሕተት የመጡት ከአንድ ምንጭ ነው፤ ሕዝቡ መሬቱ እንዴት እንደ ተሠራ በገዛ ቋንቋው የነገረው የለም። አፍሪካ ትሰነጠቃለች የሚለው እውነት በሚሊዮን ዓመታት የሚቆጠር ነው፤ ጥሩ ምሰሶና ብረት የሌለው ግድግዳ ይወድቃል የሚለው እውነት ግን የዛሬ ማታ ነው። ሁለቱን መለየት የሚያስችለው ዕውቀት ብቻ ነው።

ከመንቀጥቀጥም ሌላ የደጋው ገደል ራሱ የዚሁ የአገር አሠራር ልጅ ነው። ከፍ ያለ መሬት፣ በዝናብ የበሰበሰ የእሳተ ገሞራ ዐለትና ቁልቁለት በአንድነት ሲገኙ አፈሩ ይናዳል። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ በጎፋ ከ200 በላይ ሰዎች በናዳ ሞቱ። ከእነርሱም ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡና ሁለተኛው የደረሰባቸው ጎረቤቶች ነበሩ። የሮጡበት ልብ የሚያስመሰግን ነው፤ ከዚህ የበለጠ ወገንተኝነት በየትኛው መጽሐፍ እናገኛለን? ነገር ግን አንድ ጊዜ የተናደ ቁልቁለት ወዲያው እንደገና ሊናድ እንደሚችል የሚያውቅና የሚሰማ ሰው በመካከላቸው ቢኖር ኖሮ ዛሬ የምናለቅሰው ለጥቂቶች ይሆን ነበር ብለን እናምናለን።

«ይህስ የሳይንስ ሰዎች ሥራ ነው» ይባል ይሆናል። የሳይንስ ሰዎችማ ሥራቸውን ሲሠሩ ቆይተዋል። ከ1949 እስከ 1951 ዓ.ም. ከተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር ተያይዞ በያኔው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተቋቋመው የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ የምድርን መንቀጥቀጥ ሲመዘግብ ኖሯል። መሪው የነበሩት አባ ፒየር ጉዋን የኢትዮጵያንና የአፍሪካን ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በታላቅ መጽሐፍ አዘጋጅተዋል። ያን መጽሐፍ ለማዘጋጀት መሣሪያ ብቻ አልበቃም፤ የቆዩ ዜና መዋዕሎችንና የመንገደኞችን ጽሑፍ ማገላበጥ አስፈልጓል። ዜና መዋዕልን ማንበብ የማን ሙያ ነው? የእኛ ነው። የምድርን ያለፈ ጠባይ ለማወቅ የብራና ንባብ ለመሣሪያው አጋዥ ሲሆን እያየን «አይመለከተንም» ማለት ስንፍና እንጂ የሙያ ክፍፍል አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ቋንቋ ነው። መጽሐፉም ሆነ ከዚያ ወዲህ ስለ አፋርና ስለ ስምጥ ሸለቆ የተጻፈው እጅግ ብዙ ጥናት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ዓለም ስለ መሬታችን ያውቃል፤ በመሬቱ ላይ የሚኖረው ግን አያውቅም። ይህ ዐይነቱ ነገር ያሳፍራል። ቋንቋ አጥንተናል የምንል እኛ፣ ለአፋሩ በአፋርኛ፣ ለከረዩው በኦሮምኛ፣ ለሌላውም በየቋንቋው የሚገባ ቃል መርጠን ካልሰጠን ዲግሪያችን ለምን ይሆናል? ቃሉ ሲጠፋም መሸሽ የለብንም። «ማግማ» የሚለውን እንደ ወረደ እንውሰድ ወይስ «ቅልጥ ዐለት» እንበል? በዚህ ላይ እንከራከር፤ ክርክሩ ራሱ ትምህርት ነውና።

ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበራችን ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ በየዓመቱ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች ሁሉ፣ ፋኩልቲ ሳይለይ፣ ስለ አገራችን መሬት አሠራር አንድ ተከታታይ ንግግር ይዘጋጅ፤ ተናጋሪዎቹ ከሳይንስ ፋኩልቲ ይሁኑ፤ ወደ ሕዝብ ቋንቋ የሚመልሱት ከእኛ ይሁኑ። ሁለተኛ፣ «አገርህን ዕወቅ» እየተባለ በሚደረገው ጉዞ ላይ ከአብያተ ክርስቲያናቱና ከአብያተ መንግሥቱ ጋር የተሠሩበትም ድንጋይ፣ የቆሙበትም ተራራ ይታይ። ሦስተኛ፣ ለክረምት ዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ የምንይዛት አንዲት ገጽ ጽሑፍ በየቋንቋው ትዘጋጅ። ምድር ስትንቀጠቀጥ ምን እንደሚደረግ፣ ከናዳ በኋላ ለምን ወዲያው ወደ ስፍራው እንደማይሮጥ፣ ቤት ሲሠራ ምን እንደሚጠየቅ በአጭሩ ትናገር። ወጪዋ የአንድ ምሽት ጭፈራ ወጪ አይሆንም።

አንዳንድ ሰው ይህን አንብቦ ተስፋ ልንቆርጥ ይገባናል ወይ ይለን ይሆናል። አይገባንም። ምድራችን በእሳት የተሠራች ስለ ሆነች ጤፍ የሚያበቅለው ጥቁር አፈር አለን፤ በአሉቶ ላንጋኖ መብራት የሚሆን እንፋሎት አለን፤ ዝናብን የሚጠራ ደጋ አለን። ስጦታውና አደጋው ከአንድ እጅ የመጡ ናቸው። ስጦታውን ብቻ እየዘመርን አደጋውን ለዕድል መተው ግን ለተማረ ሰው አይገባም። ሥራው እስከሚመጣው ክረምት ሊጀመር ይችላል፤ ማኅበሩም በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ይህን ሐሳብ ከአጀንዳው እንዲያገባልን እንጠይቃለን።